ሳይዘንብ የሚያፈስ ቆርቆሮ

ታህሳስ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከደሴ በላይ ጦሳ ተራራ ላይ አንዲት ደመና የለችም። በማለዳ የሰፈራችን አንዲት እናት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ቤቴ እያፈሰሰ ነው።»

«እትዬ፣ ዝናብ የታለና?»

«እኔስ ምን አውቄ! ቆርቆሮ መቺ ሦስቴ ጠራሁ። አንዱ ሚስማር ቀየረ። አንዱ ሬንጅ ለቀለቀ። ሦስተኛው ቆርቆሮው በሙሉ ይነሳ ብሎኝ ሄደ። ውሃው ደሞ የሚንጠባጠበው በባኞ ቤቱ አየር ማውጫ ፋን በኩል ነው። ኮረንቲ እንዳይዘኝ ፈራሁ፤ ና እይልኝ።»

ሥራዬ የቤት ኤሌክትሪክ ነው። ሄድኩ። መሰላል አቁሜ፣ የኮርኒሱን መውጫ ከፍቼ አንገቴን አስገባሁ። የስልኬን መብራት ሳበራ ቆርቆሮው በውስጥ በኩል ላብ በላብ ሆኗል። በየሚስማሩ ጫፍ አንዳንድ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ሞራሌው ጠቁሯል። ከባኞ ቤቱ በላይ ያለው ቺፑድ እንደ ረጠበ ካርቶን ሆዱን አውጥቷል። መሀሉ ላይ የፋኑ ጀርባ አለ። ቱቦ የሚባል ነገር አልተገጠመለትም። አፉን ወደ ቆርቆሮው ከፍቶ ይሽከረከራል።

ቆርቆሮው ደህና ነበር። የሚያፈሰው ባኞ ቤቱ ነው፤ ያውም ወደ ላይ።

ይህን ደሴ ላይ ስንት ቤት አይቻለሁ። እውነቱን ልናገርና እኔም ጀማሪ እያለሁ ሁለት ሦስት ቤት እንዲሁ ገጥሜያለሁ። ፋኑ ሲበራ ድምፅ ያሰማል፣ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ ሂሳብ ይከፈላል። እንፋሎቱ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ነገሩን በሲኒ ላስረዳ። ወለሉ 2 ሜትር በ1.6፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ባኞ ቤት አስቡ። ውስጡ ያለው አየር 8 ሜትር ኩብ ነው። አየር ውሃ ይሸከማል። ምን ያህል እንደሚሸከም የሚወስነው ሙቀቱ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ያ ክፍል ቢበዛ 140 ግራም ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይይዛል። ሁለት የቡና ሲኒ መሆኑ ነው። ያው አየር ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ አቅሙ 75 ግራም ገደማ ይሆናል። አንድ ሲኒ። ሁለተኛው ሲኒ የት ይግባ? ያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ያርፋል። መስታወቱ ላይ፣ ሴራሚኩ ላይ፣ ከውጭ ግድግዳ ጋር የሚገናኘው ማዕዘን ላይ። ጧት ሣሩን የሚያርሰው ጤዛና ስትታጠቡ መስታወቱን የሚያደበዝዘው ነገር አንድ ናቸው።

ሙቅ ሻወር የሚወስድ ሰው ሁለቱን ሲኒ ለመሙላት ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም። ከዚያ በኋላ የሚወጣው እንፋሎት ሁሉ ግድግዳ ላይ ነው የሚወርደው። አርብ ጧት አምስት ሰው ተከታትሎ የሚታጠብበትን ቤት አስቡት። ግድግዳው ሳይደርቅ ይመሻል፣ ሳይደርቅ ይነጋል። ሻጋታ ደግሞ ከዚህ በላይ ግብዣ አይፈልግም። መጀመሪያ ማዕዘኑ ላይ እንደ በርበሬ ፍሬ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። ቀጥሎ ቀለሙ ይላጣል። ከዚያ በአጎራባች መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ጀርባ ሽታው ይመጣል።

አሁን ያን ሁሉ እንፋሎት ወደ ኮርኒስ እንላከው። ቆርቆሮ ስስ ነው። በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከዙሪያው አየር እንኳ በልጦ ይቀዘቅዛል። ውጭ ያደረ መኪና ጣሪያው ረጥቦ የምታገኙት በዚሁ ምክንያት ነው። የደሴ በጋ ደግሞ ሌሊቱ ጥርት ያለ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ነው። ክረምት ላይ ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ይሆንለታል፤ ቆርቆሮው ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ቢያንጠባጥብም ሰው በዝናቡ ያሳብባል። ታህሳስና ጥር ሲገባ ግን ቆርቆሮው ማልቀስ ይጀምራል። እትዬን ያደናገራቸው ይኸው ነው። ሦስቱን ቆርቆሮ መቺዎችም እንደዚያው።

ኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ሐረጎን ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትነዱ እዚያ ናችሁ። ከፍታው ግን ሌላ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ይህ ብቻውን የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ያመጣል። እነሱ መስኮት ከፍተው ይታጠባሉ። እኛ ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ እንወትፋለን። እርግጥ እዚያም መስኮት የሌለው ባኞ ቤት ሞልቷል፤ ለሱ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይሠራል።

ለምን ወደ ኮርኒስ ይለቀቃል? ሁሌ ስንፍና አይደለም። ከተማችን ተዳፋት ላይ ናት። ቤት ሲሠራ ከኋላ አፈሩ ይቆረጣል፤ ባኞ ቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው የሚመደበው። ስለዚህ የባኞ ቤቱ ግድግዳ ከተቆረጠው አፈር ጋር ጀርባ ለጀርባ ይሆናል። ወይ በሁለት ስንዝር ርቀት የጎረቤት ግንብ አለ። ሠራተኛው ግድግዳውን ቢበሳ የሚያገኘው አፈር ነው። ቀና ሲል ባዶ ኮርኒስ ያያል። አለቀ።

ፋን ግን ውሃ አያጠፋም፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያሻግራል እንጂ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ የቱቦው መጨረሻ ሰማይ ያያል ወይ? ካላየ፣ የሻጋታውን አድራሻ ነው የቀየራችሁት።

ከሁሉ የሚሻለው አጭሩ መንገድ ነው። የውጭ ግድግዳ ካለ በቀጥታ ግድግዳውን በስቶ መውጣት። ቱቦው ከግድግዳው ውፍረት አይበልጥም፣ ፋኑም አይደክምም። ይህ ከተቻለ ሌላ ነገር አታስቡ።

ካልተቻለ በኮርኒሱ ውስጥ ቱቦ ተዘርግቶ ወደ ጎን ግድግዳ ይወጣል። የእትዬ ቤት ላይ ያደረግነው ይህንን ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

በየሱቁ የምታገኙት የተለመደው ፋን አፉ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ ያለው የፍሳሽ ፒቪሲ ደግሞ 110 ነው፤ የውጭ ስፋቱ። የፋኑ አንገት ውስጡ ይገባል፣ የቀረችውን ክፍተት በሲልከን መድፈን ነው። አንዳንዱ ከእጅ መታጠቢያ የተረፈ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ አለ ብሎ በማጥበቢያ ያገናኛል። ግማሽ ብቻ የጠበበ ይመስላል። ቱቦ ግን ወርዱ በግማሽ ሲቀንስ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። ፋኑ ይጮሃል፣ አየሩ አይሄድም።

እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጠውን የብር ቱቦ ከተጠቀማችሁ ደግሞ እስከ መጨረሻው ለጥጡት። ተሸብሽቦና ተንጠልጥሎ ከቀረ እያንዳንዷ እጥፋት አየሩን ትይዛለች። ሆድ አውጥቶ የተንጠለጠለበት ቦታ ላይ ውሃ ይጠራቀማል። አንድ ቤት ይህን ቱቦ ስፈታ ሙሉ ጣሳ ውሃ እላዬ ላይ ተገልብጧል፤ ስለዚህ ከልምድ ነው የምናገረው። ኤልቦም (የቱቦ ማጠፊያ) ቆጥቡ። አንድ ኤልቦ ቢያንስ አንድ ሜትር ቱቦ እንደመጨመር ይቆጠራል። ይህ ትንሽ ፋን የሚገፋው ሁለት ሜትር፣ ቢበዛ ሦስት ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ በቱቦው መሀል የሚገጠመውን ጠንካራ ዓይነት መግዛት ያስፈልጋል።

ተዳፋቱን አትርሱ። ኮርኒሱ ውስጥ ብርድ ነው፤ ስለዚህ እንፋሎቱ ገና ውጭ ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ጤዛ ይሆናል። ቱቦው ወደ ፋኑ ካዘነበለ ያ ውሃ ተመልሶ ሞተሩ ላይ ይወርዳል። ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ያህል ዝቅ ይበል። ከላይ በፋይበር ግላስ ጥጥ ወይም በሌላ ሙቀት መከላከያ ቢጠቀለል ጤዛው ራሱ ይቀንሳል። የእትዬ ቱቦ 2 ሜትር ገደማ ነበር፣ አንድም ኤልቦ አላስፈለገውም፣ እኛም ጠቀለልነው።

የውጭው አፍ ላይ ወደ ታች የሚከደኑ ክንፎች ያሉት መክደኛ ይገጠማል። ፋኑ ሲነፍስ ይከፈታል፣ ሲቆም ይዘጋል። ያለሱ የደሴ ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ባኞ ቤታችሁ ውስጥ ያድራል። ወፍና አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ካደረጋችሁ ዓይኑ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ጥቅጥቅ ያለው በአቧራ ተደፍኖ ሥራውን ያቆማል።

ሰው አቋራጭ ብሎ የሚሄድባቸው ሌሎች መንገዶች አሉ። የፋኑን ቱቦ ከሽንት ቤቱ የፍሳሽ ማስተንፈሻ ጋር ማገናኘት አንዱ ነው። ፋኑ ሲቆም የፍሳሹ ሽታና ጋዝ ምንም ሳይከለክለው ወደ ቤት ይገባል። አታድርጉት። ሁለተኛው ቱቦውን ክፈፉ ድረስ አምጥቶ እዚያው ከአሸንዳው ስር መተው ነው። የወጣው እንፋሎት ሞቃት ስለሆነ ወደ ላይ ይነሳል፤ በክፈፉ ክፍተት ተመልሶ ኮርኒስ ውስጥ ይገባል። ከክፈፉ ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ ይውጣ። ቆርቆሮ በስቶ ወደ ላይ ማውጣትም ይቻላል። እኔ ግን ሌላ አማራጭ ካለ አልመክርም። ያኔ እውነተኛ ዝናብ ያፈስባችኋል።

ደግሞ ጎረቤት አለ። ተዳፋት ላይ ስንኖር የኔ ግድግዳ ከፍታ ከጎረቤቴ መስኮት ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። ከመብሳታችሁ በፊት አንድ ቃል ተናገሩ።

አሁን ሰው ጨርሶ የማያስበውን ልንገራችሁ። አየር እንዲወጣ አየር መግባት አለበት። በሩ ወለሉን ነክቶ፣ ዙሪያው በጎማ ታሽጎ፣ መስኮት ሳይኖር ፋን ብታበሩ ዝም ብሎ መሽከርከር ነው። በበሩ ስር 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይበቃል። በ70 ሴንቲ በር ላይ 70 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ማለት ነው። አናጢ በአሥር ደቂቃ ይልገዋል። የሚገባው አየር ክፍሉን አቋርጦ እንዲወጣ ፋኑ ከበሩ ርቆ፣ ወደ ሻወሩ ቀርቦ፣ ከፍ ብሎ ይሁን። በር አናት ላይ የተገጠመ ፋን የሚስበው በበሩ የገባውን ንጹሕ አየር ነው። እንፋሎቱ ማዶ ቆሞ ያያል።

ፋኑ መሳቡን ለማወቅ አንድ ቅጠል ሶፍት ይበቃል። በሩን ዘግታችሁ ፋኑን አብሩና ሶፍቱን ወደ ፋኑ ወንፊት አስጠጉት። ተለጥፎ ከቀረ ደህና ነው። ከወደቀ በሩን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ድገሙት። አሁን ከተለጠፈ የጎደለው የሚገባ አየር ነው። አሁንም ከወደቀ ቱቦው ላይ ወይም ፋኑ ላይ ችግር አለ። ብዙ ጊዜ አቧራ ነው። በየሦስት በየአራት ወሩ ከኮረንቲ አላቅቆ ክንፎቹን መጥረግ ነው።

መጠኑን ለመምረጥ ቀላል ስሌት አለ። የክፍሉን ሜትር ኩብ በ10 አባዙ። የኛ 8 ሜትር ኩብ 80 ይሆናል፤ በሰዓት 80 ሜትር ኩብ የሚስብ ፋን ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ትንሽ ከፍ ያለውን ያዙ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ያለ ቱቦ የተለካ ነውና።

ስንት ደቂቃ ይብራ? ስትታጠቡ፣ ከዚያም ከወጣችሁ በኋላ 15 ወይም 20 ደቂቃ። እዚህ ጋ ሁሌ ክርክር አለ። «ቆጣሪ ይበላል» ይባላል። 20 ዋት ፋን በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራ በወር 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 1,500 ዋት ቦይለር ይህን በግማሽ ሰዓት ውስጥ አልፎት ይሄዳል። ከወጡ በኋላ ማጥፋት የሚረሳ ቤተሰብ ካለ ሰዓት ያለው ፋን አለ፤ ትንሽ ይወደዳል፣ ንትርክ ግን ይቀንሳል። መብራት በጠፋ ቀን መስኮት መክፈት፣ መስኮት ከሌለ ግድግዳውን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ ማድረግ። በጨርቅ የተጨመቀ ውሃ ፋን ሊያወጣው የማያስፈልገው ውሃ ነው።

ሌላ ደጋግሜ የምጠየቀው፦ «ክረምት ላይ ውጭ ጉም ነው፣ ዝናብ ነው። እርጥብ አየር ብናስገባ ምን ይረባል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ያስገርማል። 12 ዲግሪ ላይ ያለ የጉም አየር፣ እስከ አፉ ቢሞላ እንኳ፣ በሜትር ኩብ 11 ግራም ገደማ ውሃ ነው የያዘው። ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ አቅሙ 17 ግራም ይሆናል። ስለዚህ ገና 6 ግራም የሚሸከምበት ቦታ አለው። ከውጭ እርጥብ የሚመስለው አየር ቤት ሲገባ ደረቅ ነው። በክረምትም ፋኑ ይሠራል። ባኞ ቤት ውስጥ የታጠበ ብርድ ልብስ ካሰጣችሁ ግን 20 ደቂቃውን እርሱት፤ ልብሱ እስኪደርቅ ይብራ።

ግድግዳ የረጠበ ሁሉ በጤዛ ነው ማለቴ አይደለም። በተለይ አፈር ከደገፈው የኋላ ግድግዳችን ውሃ ሰርጎ ሊገባ ይችላል፤ ቧንቧም ሊያፈስ ይችላል። ለመለየት ግድግዳውን በጨርቅ አድርቃችሁ አንድ ካሬ የምታህል ላስቲክ ዙሪያዋን በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉ። ሁለት ቀን ጠብቁ። ውሃው ከላስቲኩ በላይ፣ በክፍሉ በኩል ከሆነ ጤዛ ነው፤ ፋኑ ይመለከተዋል። ከላስቲኩ ስር፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ግን ከግንቡ የሚመጣ ነው፤ ፋን ብትደረድሩ አይረዳም። ከኋላ ቦይ ማስቆፈር ነው።

ኮረንቲን በተመለከተ አጭር ነኝ። ማብሪያው ከበሩ ውጭ ይሁን። ፋኑ የውሃ ፍንጣቂ የሚችል ዓይነት ይሁን፣ ሻወሩ በቀጥታ የሚረጨው ቦታ ላይ አይገጠም። ውሃ የሚንጠባጠብበት ፋን ካያችሁ ከቆጣሪው አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። እትዬ መፍራታቸው ልክ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ከሰል። ፋን ባኞ ቤቱን ሲያስተነፍስ አየር የሚስበው ከቀረው ቤት ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ተያይዞ ከሆነ ጭሱና የማይሸተው መርዛማ ጋዝም አብሮ ይሳባል፤ እየታጠበ ያለው ሰው ጋ ይመጣል። ቡናው ሲፈላ መስኮት ይከፈት። ይህ ፋን ኖረም አልኖረም ነው።

የእትዬን ቱቦ ከገጠምን በኋላ በሦስተኛው ቀን ጧት ኮርኒሱን ከፍቼ አየሁ። የሚስማሮቹ ጫፍ ደረቅ ነበር። ውጭ ወጥተን ጎን ግድግዳውን ስናይ ከመክደኛው ስር ጠብ፣ ጠብ ይላል። «ይሄ ነው እንግዲህ አናቴ ላይ ሲወርድ የከረመው?» አሉ። ከስሩ ጤና አዳም ተክለውበታል፤ ውሃ በከንቱ አይፍሰስ ብለው።

ረመዳን አንድ ወር ሲቀረው ደግሞ ደወሉ። ቺፑዱ ይቀየር፣ ቀለም ይቀባ አሉ። ሞራሌውን በእጄ ዳሰስኩት፤ ገና እርጥበት አለው። በረኪና በውሃ በጥብጬ ጥቁሩን ጠረግኩና ኮርኒሱን ክፍት ትቼው ወረድኩ። እርጥብ ላይ የተቀባ ቀለም በሁለት ወር እንደሚላጥ ነገርኳቸው።

«ለረመዳን አይደርስም በለኛ!»

«አብሽሩ እትዬ። ለኢድ ይደርሳል።»

«ቆርቆሮ መቺዎቹም እንዲሁ ነበር የሚሉኝ» ብለው ሳቁብኝ።